ባዶውን ቦታ ለማን ተውሽው?

ወደ ጅቡቲ በምሄድበት ዋዜማ ምሽት እናቴ ቡፌው ፊት ቆማ ነበር። እኔ ሻንጣዬን እዘጋለሁ፣ እሷ ቴርሞሱን ታያለች። ድሮ ቡፌያችን ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ቴርሞስ፣ ከበላያቸው ግድግዳው ላይ የአባቴ ፎቶ ነበር። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስዕልና ዲዛይን ከገባሁ ወዲህ ግን አንደኛውን ቴርሞስ ወደ ጓዳ አስገባሁት፣ ሌላውን ጥግ ላይ ብቻውን አቆምኩት። ትምህርቴን እስክጨርስ በዚህ ስንጣላ ነው የኖርነው። ጠዋት ጥግ ላይ ትቼው እወጣለሁ፣ ማታ ስመለስ መሀል ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ። «ሰው ምን ይለናል፣ ዕቃ መሸጥ የጀመርን ነው የሚመስለው» ትለኛለች። ያን ምሽት ግን «ግድ የለም፣ ነገ ከሄድሽ በኋላ እንደ ልቤ መሀል ላይ አደርገዋለሁ» አለችና አይኗን በነጠላዋ ጠረገች። እኔም አለቀስኩ። እያለቀስኩ ግን ምን ያህሉን አውቃ ይሆን ብዬ እጠረጥራት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተመረቅኩ በኋላ ሥራ አጣሁ። ታፔላውን ማሽን ይሠራዋል፣ ግድግዳውን ቀለም ቀቢ ይጨርሰዋል፣ ስዕል የሚገዛ ሰው ደግሞ ሽሮ ሜዳ አካባቢ አይታይም። ሰዎችን ጅቡቲ የምታስቀጥር እትዬ ዘነበች የምትባል ሴት ነበረች። ለእናቴ «ልጅሽ እዚያ ሄዳ ቤት ነው የምታሳምረው፣ በተማረችው ነው የምትሠራው» ብላ ነገረቻት። ለእኔ ለብቻዬ የነገረችኝ ግን ሌላ ነው፤ የቤት ሠራተኛ፣ አዳሪ። እናቴ በደስታ ለዕድሩ ሴቶች ሁሉ ስላወራች ማን ደፍሮ ያርማት።

«ዩኒቨርሲቲ የሚባል ነገር ከአፍሽ እንዳይወጣ» አለችኝ እትዬ ዘነበች። «ስምንተኛ ክፍል ይበቃሻል። የተማረች ሠራተኛ ማንም አይፈልግም።»

«ለምን?»

«እንዲህ ለምን ለምን ትላለቻ፤ ሌላ ለምን ይሆናል?» እጄን ገልብጣ አየችው። ጥፍሬ ሥር ሰማያዊ ቀለም ነበረበት። «ይሄን በነጭ ጋዝ እጠቢው።»

እጄን አጠብኩ። ከዩኒቨርሲቲ ዕቃዬ ሁሉ ይዤ የወጣሁት አንድ ለስላሳ ጥቁር እርሳስና አንድ ምላጭ ብቻ ነው።

ባቡሩ ከለቡ ተነስቶ ቀኑን ሙሉ ተጓዘ። መጀመሪያ ሹራቤን አወለቅኩ፣ ቀጥሎ ሻርፔን፣ ጅቡቲ ናጋድ ጣቢያ ስንደርስ የማወልቀው ነገር አልቆብኝ ነበር። እንጦጦ ሥር ላደገ ሰው የዚያን አገር ሙቀት በቃል ማስረዳት አይቻልም። ምድጃ ሲከፈት ፊት ላይ የሚመጣውን ታውቁታላችሁ አይደል፤ እሱ ነው፣ ልዩነቱ የሚዘጋው ሰው አለመኖሩ ነው። ጣቢያው ላይ አንድ ፖሊስ ሻንጣዬን ከፈተ። አማርኛ ይችላል፤ እዚያ ከተማ አማርኛ የማይችል ሰው ስታገኙ እንኳ ይችላል ብላችሁ ተጠንቀቁ።

«ሙያ?»

«የቤት ሠራተኛ።»

ምላጩን በሁለት ጣቱ አነሳው። «ይሄስ?»

«እርሳስ መቅረጫ ነው።»

«መቅረጫ ሞልቶ በምላጭ?»

ለስላሳ እርሳስ በመቅረጫ ይሰበራል፣ ረጅም ጫፍ የሚወጣለት በምላጭ ነው፤ የመጀመሪያ ሳምንት ትምህርታችን ይሄው ነበር። ግን ይህን ለፖሊስ እንዴት ብዬ ልንገረው።

«የቤት ሠራተኛ እርሳስ ምን ያደርግላታል?»

«አስቤዛ ልጽፍበት።»

«አስቤዛ በምላጭ የተቀረጸ እርሳስ ይፈልጋል?» ብሎ ትንሽ አየኝ። «ሌላ የሚቆርጥ ነገር አለሽ?»

«የለኝም።»

«ጥሩ። እንኳን ደህና መጣሽ» አለኝና ምላጩን ኪሱ ከተተው። እስካሁን ጺሙን የሚላጭበት ይመስለኛል።

የተቀጠርኩበት ቤት ካርቲየ 2 ነው፤ ቤት ከቤት የተደገፈበት፣ ጎረቤት ሲያስነጥስ ይማርህ የሚባልበት ሰፈር። ባልየው ሙሴ ጉሌድ፣ ሙሴ እዚያ አቶ እንደማለት ነው፣ ወደብ ላይ ትራንዚት ይሠራል፣ ድሬዳዋ ስለተማረ አማርኛውን እንደ ድሬ ልጅ ያንበለብለዋል። ሚስቱ ማዳም ሳፊያ ፈረንሳይኛና ሶማልኛ፣ ሲቸግራት ደግሞ አጠር ያለ አማርኛ ትናገራለች። የሙሴ ጉሌድ እናት ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ላይ ውለው ፍራሽ ላይ ያድራሉ፤ ሁሉም አዬዮ ይላቸዋል፣ አያቴ እንደማለት ነው፣ እኔም አዬዮ አልኳቸው። ማዳም ሳፊያ በመጀመሪያው ቀን ፓስፖርቴን «እንዳይጠፋብሽ» ብላ ቁም ሳጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት። እናቴ ሁልጊዜ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ትላለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቁልፉ ያለበትን ቦታ አውቃለሁ፤ አንገቷ ላይ ነው።

ጠዋት ጠዋት ላሆህ ይጋገራል። መጀመሪያ ቀን አይኑን ሳየው የእንጀራ ዘመድ መስሎኝ ልቤ ዘለለ። ከዚያ ማዳም ሳፊያ ስኳር ነሰነሰችበት። እንጀራ ላይ ስኳር ሲነሰነስ ማየት ማለት ለእኔ ሰው ጫማውን ራሱ ላይ ሲያደርግ እንደ ማየት ነበር፤ በላሁት፣ ይጣፍጣል፣ ግን ተቀየምኩት።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ፤ ጥፋት ከተባለ። በጋው ላይ ካምሲን የሚሉት አቧራ የጫነ ነፋስ ይነፍሳል። መስኮት ብትዘጉም ይገባል። ስለዚህ በየቀኑ የሳሎኑን ዕቃ ሁሉ አንስቼ፣ ወልውዬ እመልሳለሁ። ስመልሰው ግን ወደ ነበረበት አልመልሰውም። ሆን ብዬ አይደለም፣ እጄ ነው።

አንደኛ ዓመት ላይ የስዕል መምህራችን አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ጨርቅ፣ ጠርሙስና ፍራፍሬ አምጥቶ ጠዋቱን ሙሉ ዕቃ ስናዟዙር አዋለን። እርሳስ የነካውን ተማሪ ይቆጣ ነበር። ዕቃ መሀል ላይ አታስቀምጡ፣ አይን እዚያው ተቸንክሮ ይቀራል ይለናል። ሁለት ከሚሆን ሦስት ይሁን። ባዶ ቦታ ተዉ፣ ባዶው ቦታም የስዕሉ አካል ነው። ብርቱካን ሰማያዊ ነገር አጠገብ ይቀመጥ። አይናችሁን አጥብባችሁ እዩ፣ ብርሃኑና ጥላው ይለይላችኋል። የሰው ቁመና ስትለኩ እጃችሁን ዘርግታችሁ፣ እርሳሱን ቀጥ አድርጋችሁ፣ አንድ አይናችሁን ጨፍኑ። ሰው አራት ዓመት ይህን ሲሠራ ከኖረ ስምንተኛ ክፍል ነኝ ብሎ በአፉ ቢዋሽ እጁ አይዋሽለትም።

ማዳም ሳፊያ ነገሩን እንዳየችብኝ ያወቅኩት ወጥመድ ማስቀመጥ ስትጀምር ነው። አንድ ቀን የሽቶዋ ጠርሙስ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ልክ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፣ ሥሩ ደግሞ ቀጭን ክር አለ። ሌላ ቀን የአበባው ማስቀመጫ ልክ የምንጣፉ አበባ መሀል ላይ። እኔ እንዲህ ያለውን ነገር ከበር ሆኜ ነው የማየው፤ ዕቃ ሲቀመጥና ዕቃ ለፈተና ሲቀመጥ ይለያያል። ሌባ ናት ብላ ነው ብዬ ተናደድኩ። ክሩን አንስቼ ወለወልኩና በትክክል መለስኩት። የአበባውን ማስቀመጫ ግን አልቻልኩም፤ ትንሽ ወደ ግራ አደረግኩት። ያ አበባ መሀል ላይ ሆኖ ሲታይ ያሳክከኛል፣ ምን ላድርግ።

ሙሉ የምትባል የጎረቤት ሠራተኛ ናት ነገሩን የነገረችኝ። የወሎ ልጅ ናት፣ ጣሪያ ላይ ልብስ ስናሰጣ እናወራለን። ያን ቀን እንደ ወትሮዋ አልሳቀችም።

«ቲጂ፣ ማታ ማታ ምንድን ነው የምትሠሪው?»

«እተኛለሁ።»

«ማዳምሽ ለማዳሜ ምን አለቻት መሰለሽ። ቤቴ ውስጥ ዕቃ ይንቀሳቀሳል፣ ልጅቱ ሲህር ትሠራለች።»

ሲህር ማለት ድግምት ነው። መጀመሪያ ሳቅሁ። ሙሉ ግን አልሳቀችም፣ የተሰጣውን አንሶላ መሀላችን ላይ ለቀቀችው። «እኔማ አላምንም» አለች ከአንሶላው ወዲያ። «ግን ሌባ የተባለች ሌላ ቤት ታገኛለች። ይሄ የተባለች በዚህ ከተማ ማንም በር አይከፍትላትም። ፓስፖርትሽንም እንዳያስቀሩብሽ።»

ያኔ ሳቄ ጠፋ። የፓስፖርቴ ቁልፍ ማዳም ሳፊያ አንገት ላይ ነው። ከዚህ ቤት ከወጣሁ ወደ ሌላ ቤት የለም፤ ያለኝ አንድ መንገድ ወደ እናቴ ተመልሶ፣ ቤት ታሳምራለች የተባለው ምን እንደነበር ለዕድሩ ሴቶች ማስረዳት ነው። ደግሞ ሙሉን ራሷን ጠረጠርኳት። ዩኒቨርሲቲ መማሬን የነገርኩት ለእሷ ብቻ ነበር። አወራችብኝ ይሆን፣ ወይስ ልታወራብኝ ነው፣ ወይስ ያቺ አንሶላ እንዲሁ ነው የተለቀቀችው? እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

የተጠራሁት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ጫት ገብቶ፣ ሙሴ ጉሌድ ትራሱን ተደግፎ መቃም ከጀመረ በኋላ ነው። እዚያ ከተማ ቁም ነገር ሁሉ የሚፈታው በዚያ ሰዓት ነው። አዬዮ ፍራሻቸው ላይ፣ ማዳም ሳፊያ ቆማ። ጠረጴዛው ላይ እኔው ያስቀመጥኩት ሰማያዊ ሳህን ከነብርቱካኑ።

«እዚያ ቁሚ» አለችኝ ማዳም ሳፊያ፣ ከዚያ በሶማልኛ ጀመረች። ወደ ሳህኑ፣ ወደ መደርደሪያው፣ ወደ እኔ ትጠቁማለች።

እኔ ምን አደረግኩ? እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ዝም አልኩ። ይህ ሌላው ትምህርቴ ነው። በየሴሚስተሩ መጨረሻ ሥራችንን ግድግዳ ላይ ሰቅለን አጠገቡ እንቆማለን፣ መምህርም ተማሪም እየመጣ ይቦጫጭቀዋል። ክሪቲክ ይባላል። የሥራው ባለቤት መልስ መስጠት ክልክል ነው፤ አፉን የከፈተ «ሥራህ ይናገር» ተብሎ ይዘጋል። አራት ዓመት ሙሉ ሰው ሥራዬን እየጠቆመ ሲቆጣ እጄን አጣምሬ ዝም ማለት ለምጃለሁ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ብለው ያሳደጉን ሰዎች ግን ማዳም ሳፊያን አላዩአትም።

«አየህ?» አለች ወደ ባሏ፣ ይሄኛውን በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማው። «ዝም። ዝም ትላለች።»

«አቦ ተናገሪ እንጂ» አለ ሙሴ ጉሌድ። «ዝም ካልሽ እኔም ማመኔ ነው እኮ። ይሄን ብርቱካን እዚህ ለምን አደረግሽው?»

«ብርቱካን ሰማያዊ ውስጥ ሲሆን ሁለቱም ይጎላሉ።»

«ማነው የሚጎላው?»

«ቀለሙ።»

ተረጎመላቸው። አዬዮ ሳህኑን ሸሽተው ትንሽ ወደ ግድግዳው ተጠጉ።

«ሻማ ማስቀመጫዎቹ ሁለት ነበሩ። ብርጭቆ ሦስተኛ አድርገሽ የጨመርሽበት ለምንድን ነው?»

«ሦስት ይሻላል። ሁለት ከሆነ አይን መሀላቸው ላይ ይቆማል።»

ይህን ባልል ይሻለኝ ነበር። አይን የሚለውን ሲተረጉም አዬዮ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ዱዓ ጀመሩ። ማዳም ሳፊያ ወደ መደርደሪያው ሄዳ ባዶ የተውኩትን ጎን በእጇ መታችው። ዕቃውን ሁሉ ወደ ግራ ሰብስቤ ቀኙን ባዶ አድርጌው ነበር፤ ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን እዚያ ሲያርፍ ያምራል።

«ይሄ ባዶ። ባዶውን ቦታ ለማን ተውሽው?»

«ለማንም።»

«ለማንም ካልሆነ ለምን ተውሽው?»

«ባዶው ቦታም የስዕሉ አካል ነው።»

ሙሴ ጉሌድ ሊተረጉም አፉን ከፈተና ተወው። «አቦ ይሄንንስ ለእናቴ አልተረጉምም» አለ።

ከዚያ አዬዮ ራሳቸው ተናገሩ። ረጅም ነገር፣ በቀስታ፣ እየጠቆሙኝ። ሙሴ ጉሌድ ሰምቶ ሲጨርስ የያዘውን ጫት አስቀመጠ። «እናቴ ተኝታ ሳለ አንድ አይንሽን ጨፍነሽ፣ እጅሽን ዘርግተሽ እንጨት ቀስረሽባታል ነው የምትለው። አላደረግኩም በይ።»

አድርጌያለሁ። አዬዮ ሲተኙ ፊታቸው እንዴት ያለ ፊት መሰላችሁ፤ ጉንጫቸው ላይ ጥላው ይወርዳል፣ የሻሻቸው እጥፋት ይታያል። ከመጣሁ ጀምሮ ምንም አልሳልኩም ነበር፣ ያን ቀን ብቻ በእርሳሴ ለካኋቸው። ወረቀት እንኳ አልነበረኝም። የእኛም ሰፈር ሽማግሌ ተኝተው እንዲህ ያለ ሰው ቢያዩ ቡዳ ነው የሚሉት፤ በአዬዮ አልፈርድም።

ስለዚህ የእትዬ ዘነበችን ቃል ጥዬ እውነቱን ተናገርኩ። ዩኒቨርሲቲ ተምሬያለሁ፣ ስዕልና ዲዛይን፣ ይሄ ሁሉ ትምህርት ነው አልኩ። እውነቱ ነገሩን አባሰው።

«ዩኒቨርሲቲ?» አለች ማዳም ሳፊያ። «ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ የኔን ቱዋሌት ታጥባለች? ማን ላካት?»

«አራት ዓመት ሙሉ ብርቱካን የት እንደሚቀመጥ ነው የተማርሽው?» አለ ሙሴ ጉሌድ።

«እሱ የመጀመሪያው ዓመት ነው።»

«ሌላውንስ?»

«ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ማስረዳት።»

ሙሴ ጉሌድ ሳቀ፤ ጫቱም ረድቶኝ ይሆናል። አዬዮ ለምን እንደሳቀ ጠየቁት፣ ነገራቸው፣ እሳቸው አልሳቁም። አሰቡ። በመጨረሻ የተናገሩትን እሱ እንዲህ ብሎ አደረሰልኝ፦ «ትምህርት ከሆነ ሰው ይተወዋል። እያየኋት ሁሉን ወደ ቦታው ትመልስ። እንጨቱን ደግሞ ለኔ ትስጠኝ።»

እርሳሴን ከምተኛበት አምጥቼ ሰጠኋቸው። በጨርቅ ጠቅልለው ትራሳቸው ሥር አደረጉት፤ እስካሁንም እዚያው ነው። ከዚያ ሦስቱ እያዩኝ መለስኩ። አበባው መሀል። ሻማ ማስቀመጫ ግራና ቀኝ። ብርጭቆ ሁለት ሁለት። ብርቱካኑን ከሰማያዊው ሳህን አውጥቼ ከሌሎቹ ጋር ነጭ ሳህን ላይ ከመርኳቸው። ባዶውን መደርደሪያ ማዳም ሳፊያ ራሷ ያለ የሌለ ዕቃ አምጥታ ሞላችው። «ቮላ፣ በቃ ይሄው» አለች ስትጨርስ፣ ፊቷ ፈታ ብሎ። ከሥራዬም ሳልባረር ቀረሁ። እኔ ግን ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። ስድብ ሰምቼ አላውቅም ማለት አይደለም፤ በክሪቲክ ጊዜ ከዚህ የባሰ ተብያለሁ። ግን ያኔ ሥራዬን ግድግዳው ላይ ይተዉልኝ ነበር።

እናቴ ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ነገር ትለምነኛለች። «የምታሳምሪውን ቤት አንድ ፎቶ ላኪልኝ፣ ለዕድሩ ሴቶች ላሳያቸው።» ዛሬ ነገ እያልኩ ቆየሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ባለው ዓርብ፣ ባልና ሚስቱ ዘመድ ጥየቃ ወጥተው አዬዮ ተኝተው ሳለ፣ ሳሎኑን በስልኬ አነሳሁት። ለእናቴ እንዲያውም ይሄኛው ይሻላል ብዬ አሰብኩ። ሁሉ ነገር ጥንድ ጥንድ፣ ሁሉ ነገር መሀል፣ ልክ እሷ እንደምትወደው። በኢሞ ላክሁላት።

የደወለችልኝ ወደ ማታ ነው። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ፣ ማዳም ሳፊያ ተመልሳ ሳሎን ተቀምጣለች።

«አየሁት» አለች እናቴ።

«አማረሽ?»

«ያምራል። ሴቶቹም አይተው መረቁሽ። ግን ቲጂዬ፣ ይሄን ያደረገው ማነው?»

«እኔ ነኛ፣ እማዬ። ማን ይሆናል?»

«አንቺ አይደለሽም።»

«እንዴት?»

«አበባው መሀል ላይ ነው። ሁሉም ሁለት ሁለት ነው። አንዲት ባዶ ቦታ የላትም።» ድምጿን ዝቅ አደረገች፣ ሴቶቹ አጠገቧ ያሉ ይመስላል። «እኔ እንኳ ቴርሞሱን አልነካሁትም። በሄድሽ ማግስት መሀል ላደርገው አነሳሁትና ሆዴ እንቢ አለኝ። ያው ጥግ ላይ ነው፣ እንደተውሽው። አንቺን ማን መሀል አድርጊ አለሽ?»

ከሳሎን ማዳም ሳፊያ ስሜን ጠራች፣ ሁልጊዜ እንደምታደርገው እያጨበጨበች።

«ማነው እንዲህ የሚጠራሽ?» አለች እናቴ።

«አለቃዬ ናት።»

«አለቃ በጭብጨባ ነው የሚጠራው?»

«እማዬ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው፣ አይሰማኝም።»

«እኔ ይሰማኛል» አለችኝ። ስልኩን አልዘጋችውም፤ እስክነግራት ጠበቀችኝ።